ወንዙ ቁርጡን እስኪናገር

በድልድዩ ምሰሶ ላይ የተቀባው የውሃ መለኪያ ከሩቅ ሲያዩት የልጆች ማስመሪያ ይመስላል። የመነጽር ባለሙያዋ ከሥራ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ሰሞኑን እሱን ሳታይ አልፋ አታውቅም። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ የድልድዩን ብረት ትደገፋለች፣ አንገቷን ታሰግጋለች፤ ከዚያ ስልኳን አውጥታ አንዲት ቃል ትጽፋለች።

«ቀነሰ።»

ከከተማው ጫፍ፣ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ካለው የጀልባ መሥሪያ መጋዘን መልሱ ወዲያው ይመጣል።

«እኔም አየሁት። እንቅልፍ ነስቶኛል።»

ሰው ከሰው ጋር ተጣልቶ እንቅልፍ ያጣል። እነዚህ ሁለቱ የተኮራረፉት ከወንዝ ጋር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀልባ ሠሪው፣ ወንዙ ከባሕር በሚገናኝበት የወደብ ከተማ፣ አንድ ትልቅ የጀልባ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቷል። ወሩ ሲብት እዚያ መገኘት አለበት። አውቶቡስ ተሳፍሮ መሄድ ይችል ነበር። እሱ ግን ዓመት ሙሉ በገዛ እጁ እየላገና እያጣበቀ የሠራት ካያክ አለችው፤ ሁለት ሰው እግሩን ዘርግቶ ፊትና ኋላ የሚቀመጥባት ጠባብ ረጅም ጀልባ። በእሷ ወንዙን ተከትሎ ሊወርድ፣ ሲመሽ ሲመሽ ዳርቻው ላይ ድንኳን እየተከለ ሊያድር ቆርጧል። ከኋላ ወንበር እሱ፣ ከፊት ወንበር እሷ።

«ባሕሩ ዘንድ ስንደርስ» አላት አንድ ቀን፣ ዓይኑን ከሚልገው እንጨት ሳያነሳ፣ «ወይ አውቶቡስ ይዘሽ ትመለሻለሽ፣ ወይ አትመለሺም። ዛሬ መልስ አልጠይቅሽም። ወንዙ ላይ እናስብበታለን።»

«እናስብበታለን» አለች እሷም። ልቧ ግን ያኔውኑ አስቦ ጨርሶ ነበር።

የተዋወቁት በመነጽር ነው። አንደኛው መስታወቱ ላይ የጀልባ ሙጫ ጠብ ብሎ የደረቀበት መነጽር ይዞ ሱቋ ገባ። ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደሎች እያሳየች፣ መስታወት ትቀያይርለት ጀመር።

«የቱ ይሻላል? ይሄ? ወይስ ይሄ?»

«የፊተኛው።»

«ፊደሎቹን እያየህ ነው?»

«አይ።»

«ታዲያ ምን አይተህ ነው የፊተኛው የምትለኝ?»

ዓይኑ ፊቷ ላይ ነበር። እሷም መልሱን ስታውቅ መስታወቱ ከእጇ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ከዚያን ቀን ወዲህ «ዓይኔ» ነው የሚላት። ሰው ሲሰማ ሥራዋን የሚጠራ ይመስለዋል።

ጉዞውን ያቀዱት እዚያው መጋዘኑ ውስጥ፣ የመጋዝ ብናኝ በለበሰው የሥራ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ካርታውን ዘርግተው አራቱን ጫፍ በሙጫ ቆርቆሮ ጫኑት። ድንኳኑ፣ ገመዱ፣ ትንሿ የጋዝ ምድጃ፣ ውሃ የማያስገቡት ከረጢቶች ሁሉ ተሰናድተው ጥግ ይዘዋል። የቀረው ውሃው ብቻ ነው።

«ካነሰ» አላት ጣቱን ድንጋያማው ቦታ ላይ አድርጎ፣ «ጀልባዋ እኛን መሸከሟ ቀርቶ እኛ እሷን ተሸክመን ነው ባሕር የምንገባው።»

«ከበዛስ?»

«ከበዛማ ትሸከመናለች። ወዴት እንደሆነ ግን አታማክረንም።»

ስለዚህ ለያንዳንዱ ሌሊት ሁለት ማደሪያ መረጡ፤ አንዱ ለዝቅተኛ ውሃ፣ ሌላው ዳገት ላይ፣ ለከፍተኛ። መኪና መንገድ ወንዙን የሚነካባቸውን ቦታዎች በቀይ ከበቡ፤ ነገር ከተበላሸ መውጫ እንዲሆኑ። የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ሲደርሱ እሷ ቀድማ ጣቷን አንድ ቦታ ላይ አሳረፈች። ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ የሚያቅፈው የአሸዋ ደሴት ነው፤ ጥቂት ዛፍ፣ የቀረው ነጭ አሸዋ።

«እዚህ እንደር።»

«ይቺ ውሃ ሲያንስ የምትገኝ ናት» አለ እያመነታ።

«ውሃው እኮ አንሷል! ይኸው አንሶ አይደል የሚያቃጥለን?»

ሳቀና ከበበው። ሌላ ማደሪያ አልመረጡላትም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ወንዙ ግን ዝም ብሎ ወንዝ አልነበረም። ከከተማው በላይ የአንድ ሰዓት የመኪና መንገድ ያህል ርቆ ትልቅ ግድብ ተሠርቶበታል፤ የግድቡ ኃላፊ ደግሞ የገዛ አባቷ ናቸው። በሮቹ ሲከፈቱ ወንዙ ይሞላል፣ ሲዘጉ ይከሳል። ሰፈሩ ሁሉ «ኢንጂነሩ» የሚላቸው እኚህ ሰው፣ አንድ ልጃቸው መጋዘን ውስጥ የሚያድር፣ ጥፍሩ ውስጥ ሙጫ የደረቀበት ሰው እንደምትወድ ከሰሙ ወዲህ ስሙን ጠርተውት አያውቁም። «ያ ሰውዬ» ይሉታል። ክፉ ሆነው አይደለም። ልጃቸው ከሳቸው መሥሪያ ቤት ወጣት መሐንዲሶች አንዱን እንድታገባ አስበው ነበር፤ ሐሳባቸውን ለማንም ሳይናገሩ ቅር ተሰኙ። የማይናገር ሰው ቅሬታ ደግሞ ቤት ውስጥ እንደ እርጥበት ነው፤ ከየት እንደሚመጣ ሳይታይ ግድግዳውን ሁሉ ያወረዛል።

«ለምን አባዬን አልጠይቀውም?» አለችው አንድ ቀን ለጀልባ ሠሪው። «መቼ እንደሚለቁ አንድ ቃል ቢነግረን በቃ፣ ቀን እንቆርጣለን።»

መላጊያውን አስቀመጠ።

«ዓይኔ፣ እኔ በአባትሽ ውሃ አልሄድም።»

«የአባቴ ውሃ? ወንዙ እኮ የማንም አይደለም!»

«ሰላምታዬን የማይመልስ ሰው ዘንድ ሄደሽ፣ እባክህ ለዚያ ሰውዬ ትንሽ ውሃ ልቀቅለት እንድትዪልኝ አልፈልግም። ወንዙ ራሱ ቁርጡን ይንገረን።»

ያን ቀን ስትወጣ እስከ በሩ አልሸኛትም። እሷም ዞራ አላየችውም፤ ዞራ ብታይ ኖሮ መስኮቱ ጋ ቆሞ እስክትሰወር ሲከተላት ታገኘው ነበር።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ስትመለስ ድልድዩ ላይ የተለመደውን ያህል ቆማ ዓይኗን ማመን አቃታት። ውሃው ጨምሯል! ትናንት ደርቆ የነበረው፣ ‹ውሃው ከነካው ቅዳሜ እንነሳለን› ያሉት ነጭ ምልክት እግሩ ረጥቧል። ስልኳን አውጥታ «ጨ» ብላ ጀመረችና ተወችው፤ በቃልዋ ልትነግረው ፈለገች። ቤት ገብታ ጫማ ቀይራ ልትሮጥ ስትል አባቷን ሳሎን አገኘቻቸው። ከግድቡ ለጥቂት ሰዓት ነው የመጡት፤ ጃኬታቸውን እንኳ አላወለቁም። እናቷ ሻይ ይዘው ቆመዋል።

«ቅዳሜ ልትሄጂ ነው የተባለው እውነት ነው?» አሉ አባቷ።

«ወንዙ ከፈቀደ።»

«ቅዳሜ አትሂጂ።»

ያለ ቁጣ፣ ያለ ማብራሪያ ነው ያሉት።

«ለምን አባዬ?»

ኢንጂነሩ መስኮቱን አዩ፣ ሻዩን አዩ፣ ልጃቸውን አላዩም።

«አላውቅም።»

በሕይወቷ ሙሉ ከእኚህ ሰው አፍ ይህን ቃል ሰምታ አታውቅም። የምታውቃቸው ሁሉንም የሚያውቁ፣ የማያውቁትን የማይናገሩ ሰው ሆነው ነው። ስለዚህም «አላውቅም» ያሉት እውነታቸውን ነው ብላ ለማመን ጆሮዋ እምቢ አለ።

«አታውቅም ወይስ አትፈልግም?»

«ልጄ…»

«ስለ ወንዙ ነው የምትናገረው ወይስ ስለ እሱ?»

ሻዩን ሳይነኩ ተነስተው ወጡ። የመኪናቸው ድምፅ ከርቀት እስኪጠፋ ድረስ እሷና እናቷ ተያዩ። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ወዲያና ወዲህ እየተራወጠ፣ ቁጭ ማለትም መቆምም አቃታት።

መጋዘኑ ስትደርስ ጀልባ ሠሪው በደስታ አብዷል። «አየሽው? አየሽው ዓይኔ? ነጩን ምልክት ነካ! ሰማይ ራሱ ሰምቶናል!» አለና ብድግ አድርጎ አዞራት። ካያኳ መሐል ላይ በሁለት ጠረጴዛ ተንጋላ አዲስ ቫርኒሽ ተቀብታ ታብረቀርቃለች። ሁለቱ ብርቱካናማ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቶች ጎን ለጎን ምስማር ላይ ተሰቅለዋል። ይህን ሁሉ እያየች የመጣችበትን እንዴት ብላ ታውጣው?

«ሰኞ ብናደርገውስ?» አለች በመጨረሻ።

እጁ ከወገቧ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«ለምን ሰኞ?»

«እንዲሁ። ውሃው እስኪረጋ።»

«እንዲሁ አይደለም። እኔን እያየሽ ንገሪኝ።»

«አባቴ ቅዳሜ አትሂጂ አለኝ።»

 ጋራዡ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ ሲያጓራ ሁለቱም የዚያን ድምፅ ማብቂያ ጠበቁ።

«ስለ ወንዙ ነው ያሉሽ ወይስ ስለ እኔ?»

ያው እሷ ራሷ አባቷን የጠየቀችው ጥያቄ ነበር። መልሱን አታውቀውም። «አላውቀውም» እንዳትለው ደግሞ አባቷን የምትጠራጠር መሆኗን ማውጣት ሆነባት፤ ዝም አለች። እሱ ያ ዝምታ ለእሱ የተሰጠ መልስ መሰለው።

«ገባኝ» አለ።

«ምኑ ነው የገባህ? ምንም አላልኩም እኮ!»

«ምንም አለማለትሽ ነው የገባኝ።» ጨርቅ አንስቶ ያልቆሸሸችውን ጀልባ ይወለውል ጀመር። «ቅዳሜ ጠዋት ድልድዩ ሥር ነኝ። ከመጣሽ መጣሽ። ካልመጣሽም አልፈርድብሽም፤ አባት ነው።»

«አልፈርድብሽም» የሚለው ቃል ከስድብ በላይ አመማት። ቤቷ እስክትደርስ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ሲያያት እንባዋን በነፋሱ አመካኘች።

ቅዳሜ ጠዋት ከረጢቷን ጠቀጠቀች፣ ፈታች፣ መልሳ ጠቀጠቀች። ካልሲዎቿን ለሦስተኛ ጊዜ ስታጥፍ እናቷ በሩ ላይ ቆመው ያዩዋት ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ካልሲው ምን በደለሽ?»

«እማዬ ተይኝ በሞቴ።»

ሴትዮዋ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ሰፊ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ከነገር ሁሉ ቀልዱን ቀድመው የሚያዩ ሴት ናቸው። ዛሬ ግን ድምፃቸው ለሰስ ብሏል።

«አባትሽ ሲዋሽ ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ?»

«አባዬ አይዋሽም።»

«ይዋሻል እንጂ! የተጋባን ሰሞን የሠራሁት ወጥ ጣፍጦኛል ብሎ ያስነጥሰው ጀመር። አንዴም አይደለም፣ ሦስት አራቴ። የሰጠሁትን ሹራብ ወድጄዋለሁ አለ፣ አስነጠሰው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሚስጥሩን ይዤ ኖሬያለሁ።» ፈገግ አሉና መልሰው ፊታቸውን ቋጠሩ። «ሐሙስ ዕለት ‹አላውቅም› ሲልሽ አስነጠሰው?»

እጇ ካልሲው ላይ ደረቀ።

«አላስነጠሰውም» አለች።

«አላስነጠሰውም። ሰውየው እውነት አላወቀም። የማያውቀው ነገር ደግሞ አስፈርቶታል። ሌሊቱንም ግድቡ ላይ ነው ያደረው፤ ስደውልለት ከኋላው ዝናቡ ይሰማኛል።»

የቀረውን አልሰማችም። ደረጃውን እየዘለለች ወርዳ እስከ ድልድዩ ሮጠች። ካልሲዋን በእጇ ጨብጣ እንደነበር የገባት እዚያ ስትደርስ ነው።

ድልድዩ ሥር ማንም የለም። ጭቃው ላይ ካያኳ የተጎተተችበት ጥልቅ መስመር እስከ ውሃው ይሄዳል፤ እዚያ ያቆማል። ብረት አጥሩ ላይ የእሷ ብርቱካናማ ጃኬት ተሰቅሏል። የተፈቱ ማሰሪያዎቹን ነፋስ ያወዛውዛቸዋል። ‹አልፈልግሽም ማለቱ ነው› ብላ አሰበች። ደወለችለት። ስልኩ ውሃ በማያስገባው ከረጢት ውስጥ ታሽጎ፣ ከጀልባዋ ሆድ ውስጥ ማንም ሳይሰማው ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ።

ከራሷ በላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው። ከላይ፣ ከግድቡ በኩል ግን ተራሮቹ የሉም። ጥቁር ደመና ውጧቸዋል።

ያን ጊዜ ደሴቱ ትዝ አላት። እዚህ እንደር ያለችው እሷ ናት። ጣቷን ያሳረፈችው እሷ።

ለአባቷ ስትደውል የጀልባ ሠሪው ኩራትም የራሷ ቂምም ጠፍቶባት ነበር።

«አባዬ፣ ሄዷል።»

«ማን?»

«እሱ ነዋ! ብቻውን። ዛሬ አሸዋው ደሴት ላይ ነው የሚያድረው። እኔ ነኝ የመረጥኩለት አባዬ፣ እኔ ነኝ!»

በስልኩ ውስጥ የዝናብ ድምፅ፣ የሰዎች ጩኸት፣ ከዚያ የአባቷ ትንፋሽ ይሰማል።

«ከላይ የጣለው ዝናብ እየገባብኝ ነው። በሮቹን ልከፍት ነው።»

«ትንሽ ብቻ… እስክደርስለት ድረስ ልትይዝልኝ አትችልም?»

የአባትየው ድምፅ ሲመለስ ሌላ ሰው የሚናገር እስኪመስል ተሰብሯል። «ልጄ፣ ይሄን አትጠይቂኝ። አሁን ብይዘው በኋላ የሚለቀቀው የአንድ ሰው ድንኳን ብቻ ወስዶ አይበቃውም። ከሥሬ ስንት ቤት አለ። አልችልም።» ቆም አሉ። «ግን ስሚኝ። ውሃው እዚያ ሲደርስ ከሰዓት በኋላ ይሆናል። መኪና ከያዛችሁ ትቀድሙታላችሁ። በግራ በኩል አሸዋ ጫኞች የሚወጡበትን መንገድ ያዙ። በሮቹን ከፍቼ ለተረኛው እንዳስረከብኩ ወንዝ ዳር ያለውን ሰው የሚያስጠነቅቀውን መኪና ይዤ እኔም እወርዳለሁ።»

መኪናውን እናቷ ነዱት። አሮጌ ነበረች፤ እሳቸውም ከገበያ አልፈው ነድተዋት አያውቁም። ዛሬ ግን መሪውን በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ ፊታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው፣ የጭነት መኪናዎችን በጥሩንባ እያባረሩ በረሩ።

«እማዬ ቀስ!»

«ቀስ በይ አትበይኝ! አንቺ ነሽ ቀስ እያልሽ ሰውየውን ያስመለጥሽው!»

የወንዙ ዳር መንገድ ጭቃ ነው። ሁለት ጊዜ ጎማው ሰመጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ወርዳ በትከሻዋ ገፋች። በቀኝ በኩል፣ ከቁጥቋጦው ባሻገር፣ ወንዙ ቀለሙን እየለወጠ ነበር። ጠዋት አረንጓዴ የነበረው አሁን ሻይ መስሏል፤ ቅጠልና ሰባራ ቅርንጫፍ ይዞ ይሽቀዳደማል። ማን እየቀደመ እንደሆነ ማወቅ አልቻለችም።

ከዛፎቹ መሐል ሲወጡ ደሴቱ ታየ። ካርታው ላይ ያየችው ያህል አልቀረም። ጫፉ ጫፉ ተበልቶ፣ ዛፎቹ እግራቸው ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ መሐሉ ላይ አንድ ድንኳን ብቻ ቀርቷል። ካያኳ ዛፍ ላይ ታስራ ትንሳፈፋለች፤ ሲያስራት ደረቅ መሬት ላይ እንደነበረች ግልጽ ነው። እሱ የለም።

ጮኸች። ስሙን፣ የፍቅር ስሙን፣ መጨረሻም ምንም ቃል የሌለው ጩኸት ጮኸች። የወንዙ ድምፅ ዋጠው። ለሳምንታት ያልተኛ ሰው እንደሆነ ታውቃለች፤ አሁን ተኝቷል፣ እንቅልፍ ዛሬ ነው የመጣለት! ጫማዋን አውልቃ እግሯን ውሃው ውስጥ ስትከት እናቷ ከኋላ ጮኹ።

«እግርሽን አውጪ! እሱን ሳላገኝ አንቺን ደግሞ ልቅበር?»

ከዚያም ተመልሰው መኪናው ውስጥ ገቡና በሁለት መዳፋቸው፣ በሰፊው ክብደታቸው፣ ጥሩንባው ላይ ተጫኑ። አላነሱም። ድምፁ ሸለቆውን ሞላው፤ ወፎች ከዛፍ ተነሱ፤ ጥሩንባው እያለቀሰ ቀጠለ።

የድንኳኑ ዚፕ ተከፈተ።

ከዚያ ርቀትም ቢሆን ፊቱን አየች። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ፈገግ ሊል ነበር። ከዚያ እግሩ ሥር ያለውን ውሃ አየ። ድንኳኑን እንዳለ ትቶ ሮጠ፣ ገመዱን በጠሰ፣ ካያኳ ውስጥ ወደቀ ማለት ይቀላል። መቅዘፊያውን አንስቶ ወደ እሷ ሊሻገር ሲነሳ የውሃው ጉልበት የጀልባዋን ጎን መታና ቁልቁል ወሰዳት። እሷ ዳርቻውን ይዛ ሮጠች፤ እሾህ ቀሚሷን ይዞ ይቀድደዋል፣ አልተሰማትም። ዓይኗ ከሱ አልተነቀለም። ሕይወቷን በሙሉ ሰው እንዲያይ ስትረዳ ኖራለች፤ ዛሬ ዓይኗን ከነቀለች የሚሰምጥ መሰላት።

ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ውሃው ወደ ዳር ይገፋል። እዚያ ላይ የጀልባዋ አፍንጫ የተጠማዘዙ ሥሮች ውስጥ ገባ። ገመድ ወረወረ፤ አልደረሰም። ደግሞ ወረወረ። ያዘችው። አንድ ዛፍ ላይ ጠምጥማ በሙሉ ክብደቷ ወደ ኋላ ወደቀች፤ እናቷም እያለከለኩ ደርሰው ወገቧን ያዙ። ሲጎትቱ፣ ሲጎትቱ፣ ጭቃው ላይ በአራት እግሩ ወጣ።

 እሱን ያስነጥሰዋል፣ ያስለዋል። እናቷ ሁለቱንም ተራ በተራ ካዩ በኋላ «መኪናዋ እንዳትሰምጥ ልያት» ብለው ዘወር አሉ። መኪናዋ ደህና ነበረች።

«መጣሽ» አላት።

ያን ጊዜ ነው የተናደደችው። በእርጥብ ጭብጧ ደረቱን መታችው።

«ትንሽ ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት? ሮጬ ነው የመጣሁት! ጃኬቴን እንደማይፈለግ ዕቃ አጥር ላይ ሰቅለህልኝ…»

«ባዶ ወንበሩ ላይ አስቀምጬው ነበር መጀመሪያ። ፊት ለፊቴ ሆኖ እያየሁት መቅዘፍ አልቻልኩም።»

«ለምን አልጠበቅከኝም ነው ያልኩህ!»

አንገቱን ደፋ። ከፀጉሩ የሚንጠባጠበው ውሃ እጇ ላይ ያርፋል።

«ፈራሁ። ጠብቄሽ ብትቀሪስ? ቀድሜ ከሄድኩ፣ የቀረችው ስለ ሄድኩባት ነው ብዬ ራሴን ላታልል እችላለሁ። ጠብቄሽ ከቀረሽ ግን… በቃ፣ ቀረሽ ማለት ነው።»

«ስለ ወንዙ ነው ስለ እኔ ብለህ ጠየቅከኝ። መልሱን አላወቅኩትም። አላውቅም ማለት እኮ አልሄድም ማለት አይደለም!» ድምፅዋ ተቆረጠ። «አንተ ዘንድ ዝም ማለት የማልችል ከሆነ ማን ዘንድ ሄጄ ዝም ልበል?»

 ግንባሯን ግንባሩ ላይ አሳረፈች። የሱ ይሁን የሷ ያልለየ መንቀጥቀጥ ሁለቱን አንድ ላይ ይንጣቸው ነበር።

የማስጠንቀቂያው መኪና ድምፅ ሲቃረብ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ኢንጂነሩ ወርደው፣ እስከ ጉልበታቸው በጭቃ ተለውሰው፣ ቁጥቋጦውን እየገፉ መጡ። ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ እሱን። ቆሙ። 

«አትሂጂ ያልኩሽ ዕለት» አሉ ለልጃቸው፣ ዓይናቸውን ከሰውየው ሳያነሱ፣ «የተናገረው ኢንጂነሩ ይሁን አባትየው እኔም አላወቅኩም። ለዚህ ነው ምክንያት ያልነገርኩሽ። ባውቅ ኖሮ እለምንሽ ነበር።»

«አባዬ፣ ውሃው ሲቀንስ እንሄዳለን» አለች። «ሁለታችንም። ተመልሼም የምመጣ አይመስለኝም።»

ከአፏ ሲወጣ ራሷም ደነገጠች። ጀልባ ሠሪው ዞሮ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ የነበረውን ማንበብ ለማንም ከባድ አልነበረም። ኢንጂነሩ ግን ወንዙን ረዘም አድርገው ተመለከቱ፤ ከዚያ ሥሩ ውስጥ የተሰነቀረችውን ካያክ። ሄደው በመዳፋቸው ጎኗን ዳሰሷት፣ የእንጨቱን መጋጠሚያ በአውራ ጣታቸው ፈተሹ።

«አንተ የሠራሃት ነች?»

«አዎ ጋሼ።»

«ገና ይጨምራል። እዚህ ከተውካት ትሄድብሃለች። ያዝ በዚያ በኩል፣ እናውጣት።»

እሱ ፊቷን፣ ኢንጂነሩ ኋላዋን ያዙ። ጀልባዋ ከባድ ነበረች፣ ዳገቱም ያንሸራትታል።

«ቀስ ይበሉ ጋሼ፣ እዚያ ጋ ሥር አለ።»

«አይቼዋለሁ። አንተ ራስህ ቀስ በል፣ ተኝተህ የተነሳህ ነህ!»

ከኋላቸው እናቷ ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ወደ መኪናዋ ዞሩ። እሷም ልትስቅ አፏን ከፈተች። የወጣው ግን ከሐሙስ ጀምሮ ደረቷ ውስጥ ሲራወጥ የኖረው ነገር ሁሉ ነበር፤ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ፣ ሁለቱ የምትወዳቸው ሰዎች እየተጨቃጨቁ ዳገቱን ሲወጡ እያየች፣ ማንም ሳያባብላት እስኪወጣላት ድረስ አለቀሰች።